ቃል የሌለው ዝማሬ፦ የባኽ ፕሪሉዶችና ፊውጎች

በጉባኤዎቻችን ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ቃል የሌለው ሙዚቃ መንፈሳዊ ሊባል ይችላል ወይ? የአምልኮ መሪው ከመነሣቱ በፊት ኪቦርድ ተጫዋቹ ብቻውን ጥቂት ደቂቃ ሲጫወት አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልያል፤ ሌላው ዝማሬው እስኪጀመር ሰዓቱን ያያል። ግጥም ያለውን መዝሙር በቃሉ እንመረምረዋለን፤ ግጥም የሌለውንስ በምን እንመዝነው? ይህን ጥያቄ ይዘን ዛሬ ወደ አንድ የታሪክ ምዕራፍ እንሄዳለን። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በጀርመን ምድር የኖረው ዮሃን ሴባስቲያን ባኽ ለኪቦርድ መሣሪያዎች ብዙ ፕሪሉዶችና ፊውጎች ጽፏል። አንዲት የመዝሙር ቃል የለባቸውም። የጻፋቸው ሰው ግን አብዛኛውን ዕድሜውን በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ያሳለፈ፣ በአገራችን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የምትከተለውን የሉተርን ትምህርት የያዘ አማኝ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።)

በመጀመሪያ ስሞቹን እንፍታ። ፕሪሉድ ማለት መግቢያ ጨዋታ ነው። አመጣጡ በጣም ተራ ነው። ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወት ሰው መሣሪያው በደንብ መቃኘቱን ለማየት ክሮቹን ነካ ነካ ያደርጋል፤ በዚያው ጣቱን ያፍታታል፣ የአድማጩን ጆሮ ይሰበስባል። ክራር ደርዳሪም ከመጀመሩ በፊት ይህንኑ ያደርጋል። በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ኦርጋን ተጫዋቹ ጉባኤው ሊዘምር ያለውን ዜማ አስቀድሞ በጆሮው ያኖርለታል። ስለዚህ ፕሪሉድ ነጻ ነው፤ እጅ ወደ መራው ይሄዳል።

ፊውግ ግን ሌላ ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ሽሽት ማለት ነው። አንድ ድምፅ ብቻውን አጭር ዜማ ያሰማል። እሱ ሲጨርስ ሁለተኛው ድምፅ ያንኑ ዜማ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ቦታ አንሥቶ ይከተለዋል። እኛ ዘንድ አውራጁ ሲያወርድ ተቀባዮች ይቀበላሉ፤ እነርሱ ሲቀበሉ አውራጁ ያርፋል። በፊውግ አውራጁ አያርፍም። ሌላው የእርሱን ዜማ ተቀብሎ ሲያሰማ እርሱ ሌላ ዜማ እያዜመ ይቀጥላል፤ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። ከዚያ ሦስተኛው ይገባል፤ አራተኛውም ይከተላል። በኳየር ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር እና ቤዝ ብለን እንደምንከፍለው ነው፤ ልዩነቱ በእኛ ኳየሮች ብዙ ጊዜ ዋናውን ዜማ ሶፕራኖ ይይዝና የቀሩት ማጀባቸው ነው። በፊውግ አጃቢ የሚባል የለም፤ እያንዳንዱ ድምፅ በተራው ዋናውን ዜማ ይይዛል፣ በተራው ለሌላው ይለቃል። ብዙ ዜማዎችን በአንድ ጊዜ እያስማሙ የመሸመን ጥበብ ካውንተርፖይንት ይባላል። አስገራሚው ነገር ይህን ሁሉ አሥር ጣት ያለው አንድ ሰው ብቻውን መጫወቱ ነው።

ባኽ የተወለደው በ1685 አይዘናኽ በምትባል ከተማ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው እናቱ ሞተች፤ ብዙም ሳይቆይ አባቱ ተከተላት። አሥር ዓመት ሳይሞላው ወላጅ አልባ የሆነውን ልጅ በኦርድሩፍ የኦርጋን ተጫዋች የነበረው ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው። ከሞቱ በኋላ ልጁና ተማሪዎቹ ባወጡት የሕይወት ታሪኩ ላይ አንድ ነገር ተጽፎ እናገኛለን። ወንድሙ የታላላቅ ኪቦርድ ደራሲያን ሥራዎች የተጻፉበት አንድ ደብተር ነበረው፤ ለልጁ ግን ከለከለው። ልጁም ሌሊት ሌሊት ደብተሩን ከተቆለፈ ቁም ሣጥን በሽቦው መካከል እየሳበ፣ ሻማ ስለሌለው በጨረቃ ብርሃን ለስድስት ወር ገለበጠው። ገልብጦ ሲጨርስ ወንድሙ ደረሰበትና ያን ሁሉ ልፋት ወሰደበት። የመስረቅ ነገር አለበት ብንልም ባኽ የሙዚቃ ትምህርቱን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ በመገልበጥ። ወደ ጣሊያንም ወደ ፈረንሳይም ሄዶ አያውቅም፤ የሁለቱንም አገር የሙዚቃ ስልት ግን ጽሑፋቸውን በእጁ እየገለበጠ የራሱ አድርጎታል።

በ1705 መጸው ሃያ ዓመቱ ነበር። አርንሽታት በምትባል ከተማ ኦርጋን ይጫወት ነበርና የአራት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ ወደ ሰሜን ተነሣ። ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በእግሩ ተጉዞ ሉቤክ ደረሰ። የሄደው በዚያች ከተማ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያገለግል የነበረውን ሽማግሌውን ዲትሪኽ ቡክስተሁደን ለመስማት ነው። የቡክስተሁደ ፕሪሉዶች እንደ ነፋስ ናቸው፤ አንዴ ያለ ልጓም ይጋልባሉ፣ ድንገት ቆም ብለው ወደ ፊውግ ይገባሉ፣ ደግሞ ተመልሰው ይጋልባሉ። ነጻነቱና ሥርዓቱ በአንድ ሥራ ውስጥ ይፈራረቃሉ። ባኽ በአራት ሳምንት ፋንታ አራት ወር ገደማ ቆየ።

ሲመለስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጠሩት። የወቀሳው መዝገብ እስከ ዛሬ አለ። አንደኛው ክስ ለምን ይህን ያህል ቆየህ የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ለእኛ ጉዳይ ይቀርባል፤ በመዝሙሩ ውስጥ እንግዳ የሆኑ ድምፆች እየጨመረ ጉባኤውን ግራ አጋብቷል አሉት። መግቢያ ጨዋታው ረዘመ ተብሎ ሲነገረውም በጣም አሳጠረው ይላል መዝገቡ። የኪቦርድ ተጫዋቾችን የሚያስተባብር የአገልግሎት ኃላፊ ይህን ቢያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኛ በዚህ ነገር ለሽማግሌዎቹም እናዝናለን። ጉባኤው መዘምር ካልቻለ ችሎታ ምን ይረባል? ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ወጣቱም ግን የሰማውን መርሳት አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ሚውልሃውዘን፣ ቀጥሎ ቫይማር አገለገለ። በ1717 ከቫይማር ለመልቀቅ አጥብቆ በመጠየቁ መስፍኑ ተቆጥቶ አራት ሳምንት ገደማ አሰረው፤ ኋላም በቁጣ አሰናበተው። ከዚያም ኮተን ወደምትባል ትንሽ ከተማ፣ ወደ ልዑል ሌዎፖልድ ቤት ሄደ። ይህ ልዑል ሙዚቃ የሚወድና ራሱም የሚጫወት ሰው ነበር። ቤተ መንግሥቱ ግን የካልቪንን ትምህርት የሚከተል ነው። በአምልኳቸው ጉባኤው ቀለል ያለ የመዝሙረ ዳዊት ዜማ ይዘምራል እንጂ ረጅምና የተራቀቀ ሙዚቃ አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ ባኽ በኮተን የነበረው ሥራ ለአምልኮ ሳይሆን ለቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ ማዘጋጀት ነበር። እርሱና ቤተሰቡ ሉተራን እንደ መሆናቸው የሚያመልኩት የልዑሉ እናት ባሠራችው በቅድስት አግኔስ ቤተ ክርስቲያን ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከመድረክ አገልግሎት የራቀ አገልጋይ ምን ይሠራል?

በጥር 22 ቀን 1720 ባኽ ዘጠኝ ዓመት ለሆነው የበኩር ልጁ ለቪልሄልም ፍሪደማን የኪቦርድ መማሪያ ደብተር ጀመረለት። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ምልክቶችን ማንበብ ያስተምረዋል። ቀጥሎ የትኛው ጣት የትኛውን ቁልፍ እንደሚነካ የሚያሳይ አጭር ልምምድ አለ፤ ቁጥሮቹ ከየድምፁ ላይ ተጽፈዋል። በዚያ ልምምድ ራስ ላይ አባትየው ሦስት የላቲን ፊደላት አስቀምጧል፤ ትርጉማቸው በኢየሱስ ስም ማለት ነው። ስብከት ወይም የስቅለት መዝሙር አልነበረም፤ የአንድ ልጅ የጣት ልምምድ ነው። ባኽ በቤተ ክርስቲያን ሥራዎቹ ላይ የሚያኖረውን ዓይነት ምልክት እዚህም አኖረ። ለእኛ ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ የሚሰጥ ገጽ በባኽ ጽሑፎች ውስጥ አላገኘንም።

በዚያው ዓመት በሐምሌ ልዑሉን ተከትሎ ካርልስባድ ወደሚባለው የጠበል ከተማ ሄዶ ሲመለስ ሚስቱ ማሪያ ባርባራ ሞታ ተቀብራ አገኘ። ሲሄድ ደህና ነበረች። አራት ልጆች ቀሩለት። የፍሪደማን ደብተር ግን አልተዘጋም። ባኽ በኋላ ለታላቁ ሥራ የሚጠቀምባቸው አሥራ አንድ ፕሪሉዶች የመጀመሪያ መልካቸውን በዚያ ደብተር ላይ እናገኛለን።

ታላቁ ሥራ በ1722 ተጠናቀቀ። በጀርመንኛ ስሙ በደንብ የተቃኘው ኪቦርድ የሚል ትርጉም አለው። ሃያ አራት ፕሪሉዶችና ሃያ አራት ፊውጎች አሉት፤ በየቅኝቱ አንድ ጥንድ። ለምን ሃያ አራት? በኪቦርድ ላይ ነጭና ጥቁሩን ብንቆጥር አሥራ ሁለት የተለያዩ ድምፆች አሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሜጀርና አንድ ማይነር ይቆማል። የዛሬ ኪቦርድ ተጫዋች ዘማሪው ከፍ በል ሲለው ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል። በዚያ ዘመን ግን በቀድሞው ልማድ የተቃኘ መሣሪያ በጥቂት ቅኝቶች እጅግ ጣፋጭ ሆኖ በሌሎቹ ደግሞ ጆሮ ይቆርጥ ነበር፤ ባለሙያዎቹ የሚጮኸውን ክፍተት ተኩላ ይሉታል። ጥሩውን ክፍተት ትንሽ ትንሽ ሸርፎ መጥፎውን በማስታመም ሁሉም ቅኝት እንዲሠራ የሚያደርግ አቃኘት ሲመጣ በሃያ አራቱም መጻፍ ተቻለ። በዚህ ባኽ የመጀመሪያው አይደለም። ፊሸር የሚባል ደራሲ ቀደም ብሎ ሃያ ትንንሽ ፕሪሉዶችና ፊውጎችን በተለያየ ቅኝት አሳትሞ ነበር፤ ባኽም አንድ ዜማውን ወስዶ በኋላ ተጠቅሞበታል። በስፋትና በጥልቀት ግን ከባኽ ጋር የሚወዳደር የለም።

በርእስ ገጹ ላይ ሥራው ለማን እንደሆነ ራሱ ጽፏል፤ መማር ለሚፈልጉ ወጣቶች ጥቅምና ቀድሞ ለተካኑት ደግሞ ማሳለፊያ እንዲሆን ነው። ለልዑሉ ብሎ አልጻፈውም።

መጽሐፉ የሚከፈተው በሲ ሜጀር ፕሪሉድ ነው። ይህን ሳያውቁት የሰሙ ብዙዎች ናቸው። በዜማ የሚያዝ ነገር የለውም፤ ግራ እጅ ሁለት ድምፅ፣ ቀኝ እጅ ሦስት ድምፅ እየነካ አንድ ኮርድ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ይደገማል፣ ቀጣዩ ኮርድ ይመጣል። ከመጨረሻው ጥቂት በቀር እስከ ዳር ይኸው ነው። አንድ የፒያኖ ተማሪ በጥቂት ወር ሊጫወተው ይችላል። የሚለዋወጠው ኮርዱ ብቻ ነው፤ በመካከል የሚጎረብጥ፣ ልብን የሚያስጨንቅ ድምፅ ይገባል፣ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይፈታል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሻርል ጉኖ የሚባል ፈረንሳዊ በዚህ ላይ ዜማ ጨምሮበት በዓለም ታወቀ። እኛ ግን ያለዚያ ዜማ ይበልጥብናል፤ ባዶ የተተወው ቦታ ባዶ እንዲሆን የታሰበ ይመስለናል።

ያን ተከትሎ የሚመጣው ፊውግ ባለ አራት ድምፅ ነው። አልቶው ብቻውን ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ዜማ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያ ዜማ ከጆሮ አይጠፋም፤ በሃያ ሰባት ባር ውስጥ ሃያ አራት ጊዜ ይገባል። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይነሣል፣ እርሱም ሳይጨርስ ሦስተኛው። ባለሙያዎቹ ይህን መደራረብ ስትሬቶ ይሉታል። ቁጭ ብሎ በወረቀት ላይ የሚከታተል ሰው አንድም ድምፅ መንገዱን ሳይስት እንዴት እንደሚተላለፉ ሲያይ ይደነቃል፤ ዝም ብሎ የሚሰማ ደግሞ ሰላም ብቻ ይሰማዋል።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ብዙ አገር ያዞረናል። የዲ ሜጀሩ ፊውግ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ኮርቶ የሚራመድበት ስልት አለው። የኢ ማይነሩ በሁለት ድምፅ ብቻ ይሮጣል። የሲ ሻርፕ ማይነሩ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ቀደሙት ዘመናት የመዘምራን አዘማመር ይመለሳል፤ አምስት ድምፅ አለው፤ መነሻ ዜማው አምስት ድምፅ ብቻ የሆነ፣ ከባድና ዝግ ያለ ነው። ይህን ዜማ በወረቀት ላይ በመስመር ብናያይዘው መስቀል ይሠራል የሚሉ አሉ። ሌሎችም የባኽን ስም ፊደላት በቁጥር እየመነዘሩ በየፊውጉ ምሥጢር ይፈልጋሉ። እኛ እዚያ ድረስ አንሄድም። ሙዚቃው የሚያለቅስ መሆኑን ለማወቅ ቁጥር መቁጠር አያስፈልግም፤ ምሥጢር ፍለጋም የማያልቅ መንገድ ነው።

የመጨረሻው ጥንድ በቢ ማይነር ነው። ፕሪሉዱ እንደ ጣሊያኖቹ ስልት ከሥር ቤዙ ሳያርፍ ይራመዳል፤ ከላይ ሁለት ድምፆች እየተያዩ ይሄዳሉ። ፊውጉ ከሁሉ የሚከብድ ነው። መነሻ ዜማው ሁለት ሁለት እየሆነ እንደሚተነፍስ ሰው ይወርዳል፤ በእርሱ ውስጥ አሥራ ሁለቱም ድምፆች አንድ በአንድ ይነካሉ። ባኽ በዚህ መጽሐፍ ስለ ፍጥነት የጻፈባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ እዚህ ግን በዝግታ ይሁን ብሎ ጽፏል። በውኃ የጀመረው መጽሐፍ በእንዲህ ያለ ሲቃ ያልቃል።

በ1723 ባኽ ወደ ላይፕዚግ ሄዶ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተመለሰ። በዚያ ሃያ ሰባት ዓመት ቆየ። ተማሪዎቹንም በዚህ መጽሐፍ ያስተምር ነበር፤ ጌርበር ለተባለው ተማሪው ለማስተማር ስሜት ሲያጣ ራሱ ቁጭ ብሎ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ተጫውቶለታል።

ዘመኑ ግን እየተለወጠ ነበር። ሰዎች አንድ ደስ የሚል ዜማና ቀላል አጃቢ መስማት ይፈልጉ ጀመር። በ1737 ሻይበ የሚባል ወጣት ጸሐፊ ባኽን በስም ሳይጠራ ነቀፈው። ሙዚቃው ጥበብ በዝቶበት ውበቱ ጠፍቷል አለ። ከነቀፋዎቹ አንዱ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል፤ ድምፆቹ ሁሉ እኩል ይሠራሉ፣ ስለዚህ ዋናው የትኛው እንደሆነ አይለይም የሚል ነበር። በላይፕዚግ የንግግር ጥበብ መምህር የነበረው ቢርንባውም ስለ ባኽ መከራከሪያ ጽፎ መለሰ። ነገር ግን ሻይበ አስተውሎ የሰማ ሰው ነው እንላለን። እንደ ጉድለት የጠቀሰው ነገር የካውንተርፖይንት ልቡ ነው። አልቶው ዜማውን ሲይዝ ሶፕራኖው ከላይ ሆኖ ያገለግለዋል፤ ቤዙ ሲይዝ ሦስቱ ከላይ ሆነው ያገለግሉታል። የሚያገለግለውም ድምፅ ዜማ አለው፤ ለብቻው ቢዘመር ያምራል። ዋናው ማን እንደሆነ ጠይቆ አንድ መልስ ብቻ የሚጠብቅ ጆሮ በዚህ ሙዚቃ ይደክማል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1739፣ ባኽ ለኦርጋን አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በመካከሉ በሉተር ትምህርተ ክርስቶስ መዝሙሮች ላይ የተሠሩ ሥራዎች አሉ፤ ዐሠርቱ ትእዛዛት፣ የሃይማኖት መግለጫ፣ የጌታ ጸሎት፣ ጥምቀት፣ ንስሓ፣ የጌታ ራት። ይህን ሁሉ በበር እንደሚቆሙ ሁለት ምሰሶዎች የሚይዙት መጀመሪያ ላይ አንድ ፕሪሉድ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ባለ አምስት ድምፅ ፊውግ ናቸው። ፊውጉ ሦስት ክፍል አለው፤ ቅኝቱ ባለ ሦስት ፍላት ነው። እዚህ ላይ ሥላሴን ያስታውሳል ቢባል የመጽሐፉ አቀማመጥ ራሱ ይደግፈዋል። ቃል ያላቸው መዝሙሮች መካከል ላይ ናቸው፤ ቃል የሌላቸው ሁለቱ ዙሪያቸውን ይጠብቃሉ።

ባኽ ባለ ሦስት ጥራዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማብራሪያ ነበረው፤ ስሙንና 1733 የሚለውን ዓመት በእጁ ጽፎበታል። መጽሐፉ ጠፍቶ ቆይቶ በ1934 በአሜሪካ ሚሺጋን በአንድ ሰው ቤት ተገኘ፤ አሁን በሴንት ሉዊስ በአንድ የሉተራን ሴሚናሪ ይገኛል። በ2ኛ ዜና መዋዕል 5፥13 አጠገብ፣ መለከተኞችና መዘምራን በአንድነት ድምፅ ሲያሰሙ ቤቱ በደመና መሞላቱ በተነገረበት ቦታ፣ ኅዳጉ ላይ ማስታወሻ አስፍሯል። ሐሳቡ በአጭሩ በተሰጠ ልብ የሚቀርብ ሙዚቃ ባለበት ሁሉ እግዚአብሔር በጸጋው ይገኛል የሚል ነው። ቃል ያለው ሙዚቃ ወይም ቃል የሌለው ብሎ አልለየም። የለየው የተሰጠ ልብ በማለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት፣ ከ1738 እስከ 1742 ባለው ጊዜ ገደማ፣ ሁለተኛ ሃያ አራት ጥንድ አዘጋጀ። ዋናው የእጅ ጽሑፍ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል፤ ከሃያ አራቱ ጥንዶች ሦስቱ ጠፍተውበታል። የሚገርመው ጽሑፉ የሁለት ሰው መሆኑ ነው። ከፊሉን የገለበጠችው በ1721 ያገባት ሁለተኛ ሚስቱ አና ማግዳሌና ናት። እርሷ ሥልጡን ዘማሪ ነበረች፤ አሥራ ሦስት ልጆች ወልዳለታለች፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹን በሕፃንነታቸው ቀብራለች።

ባኽ በ1750 ሲሞት ሁለቱም መጻሕፍት አልታተሙም ነበር። በተማሪዎቹ እጅ እየተገለበጡ ከቤት ወደ ቤት ተሻገሩ። በቦን አንድ አስተማሪ በ1783 ስለ አንድ ልጅ ተማሪው ሲጽፍ ይህን መጽሐፍ እንደሚጫወት ለማስረጃ ጠቀሰ፤ ልጁ ቤትሆቨን ነበር። ሞዛርትም በ1782 በቪየና በአንድ ባላባት ቤት የባኽን ፊውጎች አግኝቶ ይጫወት ነበር። መጽሐፉ በመጨረሻ በ1801 ታተመ። አና ማግዳሌና ግን ይህን አላየችም፤ በላይፕዚግ በምጽዋት የምትረዳ መበለት ሆና በ1760 ዐርፋለች።